አሲዱ ሞልቶ ፕላስቲኩ ለምን እምቢ አለ?

ከስኳር ተነስቼ ለፕላስቲክ የሚሆን ላክቲክ አሲድ በባክቴሪያ ለማምረት ካደረግኳቸው ሙከራዎች ሁሉ የላቀ ምርት የሰጠኝ ሰባተኛው ዙር ነበር። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በባክቴሪያው ውስጥ ወደ ሁለት የላክቲክ አሲድ ሞለኪውሎች ስለሚለወጥና በመካከሉ የሚባክን አቶም ስለሌለ፣ ከ100 ግራም ግሉኮስ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ያው 100 ግራም ነው፤ እኔ 93 አገኘሁ። ደስታዬ ግን የቆየው ፕላስቲኩ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ አሲድ የሠራሁትን ስስ ቁራጭ፣ ከተገዛ ንጹሕ ላክታይድ (ከላክቲክ አሲድ የሚሠራ የፕላስቲኩ ቀጥተኛ ጥሬ ዕቃ) ከሠራሁት ማነጻጸሪያ ጋር 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን ስነክራቸው፣ ማነጻጸሪያው ቅርጹን እንደ ጠበቀ ቆየ፤ የእኔው ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንደ ታኘከ ማስቲካ ተልፈስፍሶ ከመቆንጠጫው ላይ ወረደ።

ሥራውን የጀመርኩት ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ በተባለው ባክቴሪያና ባለ 5 ሊትር ማብላያ ነበር። ጥንስሱን በትንሽ ጠርሙስ ለ12 ሰዓት ካሳደግኩ በኋላ፣ ግሉኮስና የእርሾ ጭማቂ ወዳለበት ማብላያ ጨምሬ በ40 ዲግሪ እንዲብላላ አደርግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ስኳሩንና የእርሾ ጭማቂውን አንድ ላይ በአውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት በሚሠራ ማምከኛ) አመከንኳቸው፤ ስኳር ከአሚኖ አሲድ ጋር በከፍተኛ ሙቀት ሲገናኝ ስለሚጠቁር ፈሳሹ እንደ ቡኒ ቀለም ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ያ ቀለም ደግሞ እስከ መጨረሻው ምርት ድረስ ይከተላል። ስለዚህ ስኳሩን ለብቻው ለየሁት። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። የተሳሳትኩት ቀጥሎ ነው፦ ወፍራም የስኳር ሙሙት ውስጥ ምንም ነገር አይራባም ብዬ በማመን፣ ስኳሩን በ80 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ማሞቅ ይበቃዋል አልኩ።

ፕላስቲኩ ሲበላሽብኝ ስኳሩን ፈጽሞ አልጠረጠርኩትም። አሲዱን ወደ ላክታይድ ለመለወጥ በቆርቆሮ ማዕድን አፋጣኝ (ኬሚካላዊ ለውጡን በሚያፈጥን ንጥረ ነገር) እየታገዘ ከ180 ዲግሪ በላይ በቫኪዩም ስለሚሞቅ፣ ጥፋቱን በሙቀቱ ላይ አላክኬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሙቀት ስቀንስና አፋጣኝ ስለውጥ ከረምኩ። ላክቲክ አሲድ ሁለት ቅርጽ አለው፤ ሁለቱ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። ኤል የተባለው ቅርጽ ብቻውን ሲሆን የፕላስቲኩ የሞለኪውል ሰንሰለቶች ተስተካክለው ይደረደራሉ፣ ፕላስቲኩም ከ170 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይቀልጥም፤ ዲ የተባለው በብዛት ጣልቃ ሲገባ ግን ድርድሩ ይፈርስና ፕላስቲኩ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ሙቀቱ አንዱን ቅርጽ ወደ ሌላው ሊለውጥ ስለሚችል ጥርጣሬዬ መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ ነገር ግን ገና ያልሞቀውን አሲድ አስቀድሜ መመርመር ነበረብኝ። በመጨረሻ ሁለቱን ቅርጾች በሚለይ የኢንዛይም ምርመራ ሳየው፣ ከማብላያው በወጣው አሲድ ውስጥ 18 በመቶው ዲ ሆኖ ተገኘ።

ሳስበው ያናደደኝ፣ በየሁለት ሰዓቱ ስመዘግበው የነበረው ቁጥር ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው። የምለካው አሲዱን ለማርከስ የፈሰሰውን ማርከሻና ያለቀውን ስኳር ነበር፤ ማርከሻው ደግሞ አሲድ መኖሩን እንጂ አሲዱ የትኛው እጅ እንደሆነ አይናገርም። በማቀዝቀዣ ያቆየሁትን የሰባተኛውን ዙር ናሙና በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ በቀጫጭኖቹ የራምኖሰስ ዘንጎች መካከል በአንድ ጫፋቸው ያበጡ፣ በውስጣቸውም የሚያብረቀርቅ ክብ ነገር የያዙ ሌሎች ዘንጎች ነበሩ። ያ ክብ ነገር ስፖር ነው፤ ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጽ ማለት ነው። ራምኖሰስ ስፖር አይሠራም። ስፖር 80 ዲግሪን ተቋቁሞ ያልፋል፤ እንደ ስፖሮላክቶባሲለስ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስፖርም ይሠራሉ፣ ዲ ላክቲክ አሲድም ያመርታሉ። እንግዳው በስኳሩ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ፣ በማብላያው ውስጥ ስኳሩ ሲቀጥንለት ነቅቷል።

ከዚያ ወዲህ ስኳሩን ለብቻው፣ በ121 ዲግሪ አመክናለሁ። ባክቴሪያውንም ለውጬ በ50 ዲግሪ በሚሠራው ባሲለስ ኮአጉላንስ ተክቼዋለሁ፤ ኤል ቅርጽን በከፍተኛ ጥራት ያመርታል፣ ሙቀቱም ብዙዎቹን እንግዶች ያባርራል። ሁሉንም ግን አያባርርም፤ ስለዚህ የቅርጽ ምርመራውን በየዙሩ ከመዝጋቴ በፊት አደርጋለሁ።

ከብክለቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ አሲዱን ከውኃው ማውጣቱ ነው። አሲዱ በተጠራቀመ ቁጥር ባክቴሪያውን ራሱን ስለሚያፍነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 6 አካባቢ እንዲቆይ ማርከሻ መጨመር ግድ ነው፤ ማርከሻ ሲጨመር ደግሞ የሚገኘው አሲድ ሳይሆን ጨው ነው። መጀመሪያ ርካሹን ካልሲየም ካርቦኔት መረጥኩ። አንድ ሌሊት ማሞቂያው ተቋርጦ ኖሮ ጠዋት ስገባ ማቀላቀያው ቆሟል፣ የማብላያው ይዘትም እንደ እርጥብ ኖራ ረግቷል፤ ካልሲየም ላክቴት ሲቀዘቅዝ የመሟሟት አቅሙ ስለሚቀንስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠጥሯል። የመውጫ ቧንቧውን በሽቦ ስጠርግ ዋልኩ። ከዚህም የባሰው በሰልፈሪክ አሲድ ላክቲክ አሲዱን ሳስለቅቅ የሚዘቅጠው ጂፕሰም ነው፦ በኬሚስትሪው ስሌት ለ180 ኪሎ ላክቲክ አሲድ 172 ኪሎ ጂፕሰም ይወጣል፤ አንድ ኪሎ ምርት ለማግኘት ከሞላ ጎደል አንድ ኪሎ ቆሻሻ ማለት ነው።

ይህ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ የሚሆን አሴቶን በክሎስትሪዲየም ባክቴሪያ ይመረት ነበር፤ ባክቴሪያው የሚያመርተው አሴቶንና ቡታኖል መልሶ ስለሚመርዘው ምርቱ በጣም በቀጠነ ፈሳሽ ውስጥ ይቀር፣ ውኃውን ለማትነንም ብዙ ነዳጅ ይፈጅ ስለነበር፣ ከፔትሮሊየም የሚሠራው ርካሽ አሴቶን ሲመጣ ሊቋቋመው አልቻለም። በላክቲክ አሲድ ረገድ አሁን የተሻለው መንገድ፣ ፒኤቹ ከ4 በታች ወርዶም የሚሠራ በጂን የተሻሻለ እርሾ መጠቀም ይመስለኛል፤ የአሲዱ ፒኬኤ (ግማሹ አሲድ፣ ግማሹ ጨው የሚሆንበት ፒኤች) 3.86 ስለሆነ፣ ከዚያ በታች አብዛኛው ጨው ሳይሆን አሲድ እንደሆነ ይቆያልና። እኔ እንዲህ ያለ እርሾ ስለሌለኝ ማርከሻዬን ወደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለውጬ ፈሳሹን በአዮን መለዋወጫ ሬዚን (ሶዲየሙን ይዞ በምትኩ ሃይድሮጅን በመስጠት ጨዉን ወደ አሲድ በሚመልስ ቁስ) አሳልፋለሁ። ጂፕሰሙ ቀርቷል፤ ነገር ግን ሬዚኑን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሳድሰው የጨው ውኃ ይወጣል፤ ስለዚህ ቆሻሻውን አስወገድኩ ለማለት አልደፍርም፣ መልኩን ቀየርኩት እንጂ።

በአሥራ ሁለተኛው ዙር ምርቱ ወደ 88 ግራም ወርዷል፤ ዲ ቅርጹ ግን ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ከእሱ የተሠራው ቁራጭም 90 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሳይዝለፈለፍ ቆይቷል። አሁንም ትንሽ ቢጫነት አለው፤ ምንጩ የእርሾ ጭማቂው ትርፍራፊ ስለሚመስለኝ መጠኑን በግማሽ ቀንሼ እየሞከርኩ ነው፣ ባክቴሪያው ግን ስኳሩን ለመጨረስ 20 ሰዓት ያህል ይዘገይብኛል።