የሞተሬ ፖርቶመጋላ

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላችው 125 ሲሲዋ ሞተሬ ናት። ባለቤቴ ባለፈው ከለገሃር ፒያሳ ድረስ አፈናጥጫት ስትወርድ፣ "ሁለተኛ በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ እዚህ ላይ አልወጣም" ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። የኋላው ስፖንጅ አልቆ ብረቱ ይቆረቁራል።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ከኋላ የሚታሰር ሳጥን ገዛሁ። ፖርቶመጋላውን (ሳጥኑ የሚታሰርበትን የኋላ ብረት) በያጅ ጋ አሠራሁ። የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ልጅ ደግሞ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ቆርጦ ሰፋልኝ። ለስላሳውን አድርግልኝ ብለው፣ "ጋሼ፣ እሱ በሳምንቱ ይተኛል" አለኝ። (ጋሼ! ፂሜን ልላጭ መሰለኝ።)

ያስቸገረኝ ሳጥኑ ነው። በጣም ወደ ኋላ ወጥቶ ታስሯል። 15 ኪሎ ጤፍ ጭኜ ከብሔራዊ ቲያትር የቸርችልን ዳገት ስጀምር መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። ክብደቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ሲንጠለጠል የፊቱን ያነሳዋል ለካ! ተመልሼ ቡሎኖቹን አስፈታሁ። ሳጥኑን ወደ ወንበሩ አስጠጋነው፣ የኋላውን ሞላ አንድ ደረጃ አጠነከርነው። ጎማውም ትንሽ አየር ተጨመረለት።

ማታ እመቤቲቱ ወጣች። ሳጥኑን ተደገፈች። ዝም! ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ትከሻዬን መታ አድርጋ፣ "የእግር መርገጫውስ?" አለችኝ።