እናቴ እንጀራ የቆረሰችላቸው ልጆች

እናቴ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው የተቀመጡ ልጆች እንዳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችኝ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ዝናቡ እያባራ ነበር። በመስኮቱ አጠገብ ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣ ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እነዚህን ልጆች ዝናብ መቷቸዋል፤ አንድ እንጀራ አምጪና ልቁረስላቸው» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። እንጀራውን አመጣሁላት፤ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ አጠገቧ ቆሜ ስትቆርስና ባዶው ምንጣፍ ላይ ስታስቀምጥ አየሁ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፓርኪንሰን እንዳለባት የታወቀው በ2007 ዓ.ም. ነው። የእጇን መንቀጥቀጥ፣ የእርምጃዋን መዘግየት፣ የጽሕፈቷን ማነስ በሰባት ዓመት ውስጥ ለምደነው ነበር፤ ሕመሙ የሌለ ነገርን ሊያሳይ እንደሚችል ግን የነገረን ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያሉ፣ ወላጆቻቸው በዚሁ ሕመም የተያዙ ብዙ ቤተሰቦችን ስላወቅሁ፣ ሁሉም በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ለዚህ መድኃኒት አለው ወይ?» ብለው እንደሆነ ተረድቻለሁ። አለው። ነገር ግን ሌላ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ከሚወሰዱት መካከል የሚቀነሰውን መፈለግ ይቀድማል፤ ቅዠትን፣ ማለትም የሌለ ነገር ማየትን፣ ለማስታገስ ከሚሰጡት መካከልም ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሊርቃቸው የሚገቡ አሉ። እኛ ይህን የተማርነው ቅደም ተከተሉን አዛብተን ነው። ሐኪም ስላልሆንሁ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሰውን መጠን ማንም ለራሱ ወይም ለወላጁ እንዳይወስደው አደራ እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል ነበሩ ማለት ይቻላል። እናቴ ልጆቹን ታያለች፣ ግን እንደሌሉ ታውቃለች፤ «ዐይኔ እያታለለኝ ነው» ትል ነበር። አንዳንድ ጊዜ ከጎኗ ሰው ያለፈ ይመስላትና ዞር ትላለች። ያን ጊዜ ለሐኪም ብንነግር ኖሮ ብዙ መከራ በቀረልን ነበር። አልነገርንም፤ «አበደች» እንዳይባል ፈርተን ከዘመድ ሁሉ ደበቅነው። በጥር ወር ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ልጆቹ ጎልማሳ ወንዶች ሆኑ፤ ሠራተኛችን በጓሮ በር የምታስገባቸው መሰላት፤ ሌሊት እየተነሣች የግቢውን በር ትፈትሽ ጀመር። ያቺ ልጅ ለአራት ዓመት እናቴን እንደ እናቷ የያዘች ስለነበረች፣ በሌብነት ስትጠረጠር ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ጎረቤቶቻችን ጸበል እንድንወስዳት መከሩን፤ ወሰድናት። በጸበሉ አልጸጸትም፤ እናቴ እዚያ በማለዳ ስትጸልይ ፊቷ ላይ ያየሁትን ዕረፍት የትም አላየሁም። የሚጸጽተኝ አብሮን የነበረ ሰው «መድኃኒትና ጸበል አይስማሙም» ሲለን አምነን፣ ክኒኗን ለሦስት ቀን ማቋረጣችን ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸውን ማስታወስ ነበረብን። የፓርኪንሰን ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገተራል፤ አንዳንዴም ትኩሳትና የንቃተ ሕሊና መዛባት ተከትሎ ለሕይወት አስጊ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን እናቴን ከአልጋ ማንሣት አልቻልንም። መድኃኒቷን መልሰን ጀመርንላትና ከሞት አመለጠች።

ከሁሉ የከፋው ሌሊት የመጣው በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም ነው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ትውላለች፤ ልናስተዋት ብንሞክርም እሺ አላለችም። በዚያ ሌሊት ትኩሳት ነበራት፣ ትጮኻለች፣ ወንዶቹ ሊገድሏት እንደመጡ ትናገራለች፣ ወንድሜንም አላወቀችውም። ወደ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። ተረኛው ሐኪም እንድትረጋጋ ብሎ የሃሎፔሪዶል መርፌ አዘዘላት። ተረጋጋች። በማግሥቱ ግን አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት፣ ዐይኗ ብቻ እየተንቀሳቀሰ አገኘናት። ከዚያ ሁኔታ እስክትወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቷል።

ለምን እንደሆነ በኋላ ሲያስረዱን ነገሩ ቀላል ነበር። በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን እየተለወጠ ጉድለቱን ይሸፍናል። ሃሎፔሪዶል ደግሞ የሚሠራው የዶፓሚንን መቀበያ በመዝጋት ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰው ቅዠትን የሚያስታግሰው መርፌ ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ያለችውን ጥቂት ዶፓሚን ከንቱ ያደርግበታል። ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፐሪዶን እና ኦላንዛፒንም በዚሁ ምክንያት ያሰጋሉ፤ ለማቅለሽለሽ በየፋርማሲው የሚሰጠው ፕላሲል እንኳ የዚህ ዘር ነው። ያን ሐኪም አልወቅሰውም፤ የምትጮኽ አሮጊት አምጥተንለት ስለ ሕመሟ አጥርተን አልነገርነውም። አሁን በእናቴ ቦርሳ ውስጥ «ፓርኪንሰን አለብኝ፤ ሃሎፔሪዶልና ፕላሲል እንዳይሰጠኝ» የሚል ወረቀት በትልቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ቤተሰብ ሁሉ ሌላው ቢቀር ይህቺን ወረቀት ዛሬውኑ እንዲያዘጋጅ እለምናለሁ።

ከሆስፒታል እንደወጣች ያየቻት የነርቭ ሐኪም ገና ምንም ሳታዝ እናቴ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ እንድንዘረግፍ ጠየቀችን። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ የተዋሐዱበት ክኒን፣ ለመንቀጥቀጡ የተሰጣት አርቴን፣ እንቅልፍ እንዲወስዳት ከሌላ ክሊኒክ የታዘዘላት አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም ጎረቤት ያመጣልን የጉንፋን ክኒን ነበሩ። ሐኪሟ አርቴኑንና አሚትሪፕቲሊኑን ለየብቻ ገለል አድርጋ፣ ሁለቱም አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ ለማስታወስና ለማስተዋል የሚያስፈልገውን የአንጎል ንጥረ ነገር እንደሚያግዱ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ላለ ሰው ደግሞ ቅዠትና መደናገርን ከሚያመጡ ቀዳሚ ምክንያቶች መካከል እንደሆኑ አስረዳችን። ሽንቷም ተመረመረ፤ ኢንፌክሽን ተገኘ። ውኃ ማጣቱ፣ ለአምስት ቀን የዘለቀው የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽኑና ሁለቱ ክኒኖች ተደራርበው ያን ሌሊት እንደወለዱት ያን ጊዜ ገባን። እኛ ቤት ውስጥ መንፈስ ስንፈልግ የሽንት ምርመራ ያሰበ አልነበረም።

አርቴኑ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ተቀነሰ፤ አሚትሪፕቲሊኑም እንዲሁ። ኢንፌክሽኑ ታከመ። ሐኪሟ የነገረችን ቅደም ተከተል ይህ ነበር፦ ቅዠት ሲበረታ በመጀመሪያ የሚቀነሱት እንደ አርቴን ያሉት ናቸው፣ ከዚያ አማንታዲን የተባለው ሌላው የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ከዚያ እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉት የዶፓሚንን ሥራ የሚተኩ መድኃኒቶች፤ ሌቮዶፓ የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ሲቀነስ የሌሉት ሰዎች ሊጠፉ ቢችሉም ሰውየው መራመድ ያቅተዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወንዶቹ ጠፉ፤ ልጆቹ ብቻ ተመለሱ። መንቀጥቀጧ ግን ጨመረ፤ ሲኒ መያዝ አቃታት። እናቴ ይህን ስትሰማ «ይንቀጥቀጥ፤ ሰው በቤቴ ሌባ ከማለት ይሻለኛል» አለች። ሠራተኛችንን ጠርታም ይቅርታ ጠየቀቻት።

የቀረውን ለማስታገስ የታዘዘላት ኩዌቲያፒን ነው፤ ባለ 25 ሚሊግራሙ ክኒን ለሁለት ተከፍሎ፣ ማታ 12.5 ሚሊግራም። ይህ መድኃኒት የዶፓሚንን መቀበያ ከሌሎቹ ይልቅ በላላ ሁኔታ ስለሚይዝ ሰውነትን ያን ያህል አይገትርም። ፈውስ ነው ብዬ ግን አልናገርም፤ ጥናቶቹም በጥቅሙ ላይ አንድ ድምፅ እንደሌላቸው ሐኪሟ ራሷ ነግራናለች። እናቴ ሌሊት መተኛት ጀመረች፤ ይህ ብቻውን ቤታችንን አዳነ። በሌላ በኩል ጠዋት ስትነሣ የደም ግፊቷ እየወረደ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ስለዚህ አሁን ከአልጋው ጫፍ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጣ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ ትነሣለች።

ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ በዚህ ሁሉ መካከል «እዚህ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለ፤ ልላክ» እያለች ትወተውተን ነበር። እውነቷን ነው፤ ፒማቫንሰሪን ይባላል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለፓርኪንሰን ቅዠት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ዶፓሚንን ሳይነካ በሴሮቶኒን መቀበያ በኩል ስለሚሠራ እንቅስቃሴን አያባብስም። እኅቴ የምታውቃቸው አንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አባት በቀን 34 ሚሊግራም ይወስዳሉ። ባለቤታቸው በስልክ እንደነገሩኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ ባለማየታቸው ሊያስቆሙት ነበር፤ ሐኪማቸው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነግሯቸው ታገሡ፤ በአምስተኛው ሳምንት ጋሼ ምድር ቤት የነበሩትን ወታደሮች መጥራት ተዉ። እኛ ግን አላስመጣነውም። የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛባ ስለሚችል የልብን ምት በሚመዘግበው ምርመራ፣ በኢሲጂ፣ መከታተል ያስፈልጋል፤ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ደግሞ አንድ ወር ቢዘገይ የምንይዘው የምንጨብጠው አይኖረንም። ሐኪሟም የዚህ ወገን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ኩዌቲያፒንም ሆነ ፒማቫንሰሪን፣ የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዳለባቸው አልደበቀችንም። ይህን ሰምተን መወሰን ለልጆች ከባድ ነው፤ እኔና ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ለብዙ ቀናት ተኳርፈናል።

ኩዌቲያፒን ካልበቃ የሚቀጥለው ክሎዛፒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጡ ጥናቶች በአነስተኛ መጠን የፓርኪንሰንን ቅዠት እንቅስቃሴን ሳያባብስ እንደሚያስታግስ አሳይተዋል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋሳትን አደገኛ በሆነ ደረጃ ስለሚያወርድ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ የደም ምርመራ ይፈልጋል። በዚህ የቆዩ አንዲት ወዳጄ አባታቸውን ለስድስት ወር በየሳምንቱ ወደ ላቦራቶሪ አመላልሰዋል፤ «አባቴ ተመለሱልኝ» ይላሉ፤ ድካሙንም አይረሱትም።

ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ያደረግነው ጥቂት ነገር ነው። የሞራ ግርዶሿ በቀዶ ሕክምና ተነሣ፤ አበባ የነበረበትን መጋረጃ በነጭ ለወጥን፤ ሲመሽ መብራት ቀድመን እናበራለን። በጾም ወራት የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ውኃና መድኃኒት በሰዓቱ እንድትወስድ አዘዋታል፤ የእኛን ልመና ያልሰማች እናት የእርሳቸውን ቃል ሰማች። ልጆቹን ስታይም «የሉም» ብለን አንሟገታትም፣ «አዎ አሉ» ብለንም አንዋሻትም፤ «ለእኔ አይታዩኝም፤ አንቺን ያስፈሩሻል ወይ?» ብለን እንጠይቃታለን።

በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አለን፤ ሐኪሟ ኩዌቲያፒኑን ማቆም ይቻል እንደሆነ ልትሞክር ትፈልጋለች፤ እኔ እፈራለሁ። ለዚያ እንዲረዳት የምናየውን በደብተር እየመዘገብን ነው። ሠራተኛችን ትናንት በእጇ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ ልጅ፣ በር አጠገብ። እማማ አልፈሩም። እንጀራ አልጠየቁም።»