መሪው ድንገት የጠጠረብኝ ቀን እና ከዚያ በኋላ ያደረግኩት

መኪናችን 19 ዓመት ሆኗታል። ሁለቱንም ልጆቼን ከተወለዱበት ሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣችው እሷ ናት። 260 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች፣ ሞተሯ ግን አሁንም በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ስለዚህ «ሽጣት» የሚሉኝን ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን በጣም አስደነገጠችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ፍጥነት ቀንሼ መሪውን መጠምዘዝ እንደጀመርኩ ከኮፈኑ ስር የሆነ ነገር «ጧ!» አለ፣ ወዲያው መሪው እጄ ላይ ድርቅ አለ። መኪናዋ ገና በግማሽ ነው የታጠፈችው። እንደያዘችው ከቀጠለች ማዶ ያለው የመንገድ ጠርዝ ላይ ነው የምንወጣው። እናቴ «ልጄ!» አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም።

በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጀርባዬን ወንበሩ ላይ ደግፌ፣ በትከሻዬ ጭምር ሳብኩት። ዞረ። በጣም ከብዶ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ዞረ። ፍሬቻ አብርቼ ወደ ዳር አወጣኋት።

ከሁሉ አስቀድሜ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው። ፓወር ስቲሪንግ፣ ማለትም መሪውን የሚያቀልልን እገዛ፣ ሲሞት መሪው አይሞትም። መሪው ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘው በብረት ነው፣ ዘይት የሚገፋው ፖምፓ የሚሠራው እኛን ማገዝ ብቻ ነው። እገዛው ሲቀር ሙሉ ክብደቱ ክንዳችን ላይ ይወድቃል። መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ያን ያህል አይሰማም፣ ስትዘገይና ስትታጠፍ ግን ጎማው አስፋልቱን እየፈተገ ስለሚዞር በጣም ይከብዳል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ መታጠፊያ ላይ ወይም መኪና ስናቆም የሚይዘን። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያቺን አንድ ሰከንድ «ተቆለፈ» ብዬ በመደንገጥ አላጠፋትም ነበር።

ሌላው ነገር ቁልፉ ነው። ገና እየተንከባለልን እጄ ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር፣ ሞተሩን ላጠፋ። ምን እንደመለሰኝ አላውቅም፣ ግን እንኳን መለሰኝ። መኪና እየሄደ ሞተሩ ከጠፋ የፍሬኑም እገዛ ቶሎ ያልቃል፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ከረገጡት በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ቁልፉን ደግሞ ከነቀላችሁት መሪው ያኔ በእውነት ሊቆለፍ ይችላል። እባካችሁ መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ቁልፉን አትንኩ።

ዳር ይዘን እንደቆምን የ10 ዓመቱ ልጄ ከኋላ አንገቱን አስግጎ «አባዬ፣ ቀይ መብራት በርቷል» አለኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። የባትሪው ምልክት ነው። መሪ ከብዶ የባትሪ መብራት አብሮ ከበራ ነገሩ ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው፣ ቺንጋው፣ ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ሄዷል ማለት ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ አንድ ረጅም ቺንጋ ነው ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም፣ የመሪውን ፖምፓም፣ ኤሲውንም የሚያዞረው። የኛ ላይ የራዲያተሩን ውሃ የሚያዞረው ፖምፓም እዚያው ላይ ነው። እናም «የከበደው መሪው ብቻ ነው፣ እንደምንም እቤት እደርሳለሁ» ብሎ መንዳት ማለት ሞተሩን ያለ ውሃ ዝውውር መንዳት ነው። በጥቂት ደቂቃ ይግላል፣ ከዚያ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይጣመማል። ቺንጋ የመቀየር ሥራ ሞተር ወደማውረድ የሚያድገው እንዲህ ነው። አጠፋሁት፣ ቤተሰቡን በሌላ መኪና ሸኘሁ፣ እሷን አስጎተትኳት።

ኮፈኑን ስከፍት ቺንጋው ከፑሌጃው፣ ማለትም ከሚዞርበት ክብ መዘውር፣ ወጥቶ ታች ተንጠልጥሏል። ጎትቼ አወጣሁት። ጠርዙ ተተልትሎ ክሩ ወጥቷል፣ በውስጥ በኩል ያሉት ሸንተረሮች ደግሞ አብጠው እንደ ማስቲካ ለስልሰዋል። ጣቴ ላይ የቀረው ቅባት ነው። ያኔ ማቆምና ማሰብ ነበረብኝ። የቺንጋ ጎማ በእርጅና ሲያልቅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሳሳል። የሚያብጠውና የሚለሰልሰው ዘይት ሲጠጣ ነው።

መኪናዋ እኮ ነግራኝ ነበር። ከወር በፊት ጀምሮ ጠዋት ስትነሳ ትጮህ ነበር፣ በተለይ መሪው እስከ ዳር ሲጠመዘዝ። የመሪው ዘይት ሁለት ጊዜ ጎድሎ ሁለቴም ሞልቼ ክዳኑን ዘግቻለሁ። የሞተር ዘይት ጥቂት ጥቂት ሊቃጠል ይችላል፣ የመሪ ዘይት ግን አይቃጠልም፣ አይተንም፣ በዝግ ቦታ ነው የሚዞረው። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም የኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸው።

መካኒኩ አዲስ ቺንጋ ገጠመ። «ምን ነካው?» ስለው «አርጅቶ ነዋ፣ ወንድሜ» አለኝ። ተቀበልኩ። ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ ያው ጩኸት ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ሰጠኋት። ፖምፓውንና አካባቢውን በጨርቅ ጠርጌ አደረቅኩ፣ ከስር ንጹሕ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኳት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ምንም የለም። ለካ ቆማ አትፈስም፣ ስትሠራ ነው የምታፈሰው። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስታ መሪውን ወዲህና ወዲያ ስታዞር እኔ ራቅ ብዬ በእጅ ባትሪ አየሁ። ከዘይት ማጠራቀሚያው ስር የሚገባው የመመለሻ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ማሰሪያው አጠገብ፣ አንዲት ጠብታ ቀስ ብላ ተሰበሰበች። ትንሽ ተንጠለጠለች። ከዚያ በቀጥታ ፑሌጃው ላይ ወረደች፣ ፑሌጃው ወደ ቺንጋው በተናት። ያ ሁሉ ከዚያች ጠብታ ነው የመጣው። ስትሠራም ዘይቱ መሬት ሳይደርስ ቺንጋው ይጠጣዋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ሞተር ሲሠራ ቱቦ በእጅ እየዳሰሱ ፍሳሽ መፈለግ የለም። ከፖምፓው የሚወጣው ቱቦ ውስጥ መሪው እስከ ዳር ሲጠመዘዝ ግፊቱ ከ70 ባር በላይ ሊሆን ይችላል፣ በቀዳዳ የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰፊ እጅጌና ሻርፕም ከሚዞር ቺንጋ አጠገብ አይቀርብም። በዓይን ብቻ፣ ወይም ረዘም ያለ ካርቶን አስጠግቶ ማየት ነው።

ቱቦውን ሳወጣው ጫፉ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ ሳጥፈው ጥቃቅን ስንጥቆች አፋቸውን ከፈቱ። ማሰሪያውን አጥብቆ መተው ይቻል ነበር፣ ለአንድ ወር ያህል። እኔ ቀየርኩት። የውሃ ቱቦ በልክ ስለተገኘ ብቻ እዚያ አይገጠምም፣ የመሪ ዘይት ያለሰልሰውና ይበላዋል፣ ለዘይት የተሠራ መሆን አለበት። ሦስት ሳምንት ብቻ የሠራውን ቺንጋም እንደገና ቀየርኩ። አንጀቴ እያረረ ነው፣ ግን ዘይት የጠጣ ቺንጋ በሳሙና ቢታጠብም አይመለስም። ቺንጋው ወልቆ እያለ ደግሞ ሁሉንም ፑሌጃ በእጄ አሽከረከርኩ። ወጣሪው፣ ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ፑሌጃ፣ አሸዋ የገባበት ይመስል ይንሻጠጣል፣ ኩሽኔታው ሊያልቅ ነው። እሱም ተቀየረ። ያኔ ባላሽከረክረው ኖሮ ሦስተኛው ቺንጋ በሱ ነበር የሚሄደው።

ዘይቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዳንዱ መኪና የካምቢዮ ዘይት ነው የሚወስደው፣ ዴክስሮን የሚባለውን ቀዩን። አንዳንዱ አምራቹ ለራሱ ያወጣውን ብቻ ነው፣ አንዳንዱ አውሮፓ ሠራሽ ደግሞ አረንጓዴውን። ቀለም አይታችሁ አትሙሉ፣ ክዳኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። የማይስማማ ዘይት በፖምፓውና በመሪው ውስጥ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግዱትን ጎሚኒዎች ይጎዳል፣ ከዚያ ፍሳሹ ከአንድ ቦታ ወደ አምስት ቦታ ይሆናል። ፍሳሽ ያቆማል እየተባለ የሚጨመረው ነገርም ጎሚኒውን አሳብጦ ጊዜ ይገዛል እንጂ የተሰነጠቀ ቱቦ አይደፍንም።

ቱቦ ከተነቀለ አየር ይገባል፣ አየሩ ካልወጣ ፖምፓው ያቃስታል፣ ዘይቱም አረፋ ይሆናል። ፊቷን በክሪክ አንስቼ፣ ከስር ጠንካራ መቆሚያ አድርጌ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልኩ 20 ጊዜ ያህል አዞርኩ። ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋው እየፈላ ይወጣል፣ ዘይቱ ይወርዳል፣ እሞላለሁ። አረፋው ሲቆም ሞተሩን አስነስቼ ደገምኩት። ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጄ አጠገቤ ቆሞ «አሁንም አለ... አሁንም አለ...» እያለ አረፋውን ይቆጥርልኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መሪውን እስከ ዳር ጠምዝዤ ይዤ አልቆይም። ጥግ ሲነካ ትንሽ መለስ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ሲያዝ ፖምፓው ከፍተኛ ግፊት ላይ ሆኖ ዘይቱን ያግላል። በየሁለት ሳምንቱም ክዳኑን እከፍታለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይወስድም።

የእህቴ መኪና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መሪ ነው ያላት፣ ዘይትም ቺንጋም የለውም። እሷም አንድ ቀን መሪው ከበዳት፣ የመሪ ምልክት ያለው መብራት በራ። አጥፍታ ስታስነሳው ተስተካከለ፣ እፎይ ብላ ሄደች። በሳምንቱ ደገመው። ሄጄ ባየው የባትሪው መያዣ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ያ ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ነው የሚስበው፣ ባትሪው ሲደክም ወይም መያዣው ሲላላ መጀመሪያ ከሚያኮርፉት አንዱ እሱ ነው። አጥፍቶ ማስነሳት ጥገና አይደለም። መያዣው ጸድቶ ሲጠብቅ፣ ያረጀው ባትሪም ሲቀየር አልተመለሰም።

የመጨረሻው ሥራዬ ከብረቱ ጋር አይገናኝም። መኪናዋን የምነዳው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ባለቤቴም ትነዳለች፣ የ18 ዓመቷ ልጄም እየተማረች ነው። ያ ነገር እነሱ ላይ ቢደርስስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ቦታ አቁሜያት፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ግን መሪው እንዳይቆለፍ አንድ ደረጃ ወደ ፊት ትቼ፣ «በሉ አዙሩት» አልኳቸው። ቆማ ስትሆን ከምንም በላይ ይከብዳል፣ ይሄን ከቻሉ እየሄደች ያቅታቸዋል ብዬ አልፈራም። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ገፋችው።

ልጄ መጀመሪያ በአንድ እጅ ሞከረች፣ አልነቃነቅ አላት። ቀና ብላ አየችኝ። በሁለት እጇ ይዛ፣ ክርኗን አጥፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ስትስበው ጎማው አስፋልቱ ላይ ትንሽ ጮኸና ዞረ።

«እስከ ዛሬ ታዲያ ማን ነበር የሚገፋልኝ?» አለችኝ።

ኮፈኑን ከፍቼ ፖምፓውን አሳየኋት።