ሎሚው ፊቴን ካቃጠለኝ በኋላ ስለ እፅዋት አንቲኦክሲዳንት የገባኝ

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ነው። አፍንጫዋ አጠገብ ትንሽ ቁስል ወጣባት፣ ትደርቃለች ደግሞ ትደማለች፣ ብጉር ነው እያለች ወራት ከርማ በመጨረሻ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ቤዛል ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቆርጠው አወጡላት፣ ተመስገን ደህና ናት። እኔ ግን ከዛ በኋላ መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ማድያቴንና አይኔ ስር ያለውን ሽብሽብ እያየሁ እኔንስ ፀሀይ ምን እያደረገችኝ ይሆን ማለት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያደረኩት ትልቁ ስህተቴ ነው። ቫይታሚን ሲ አለው፣ ተፈጥሮ ነው አይጎዳም ብዬ የሎሚ ጭማቂ ፊቴን ተቀብቼ ሳልታጠብ ፀሀይ ላይ ወጣሁ። በማግስቱ ቀላ፣ በ3ኛው ቀን ጉንጬ ውሀ ቋጠረ፣ ከዛ ጠቆረ፣ ጥቁረቱ ደግሞ እስኪለቅ ስንት ወር! የቆዳ ሐኪሟ ስታስረዳኝ ሎሚ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለ፣ ዩቪኤ የሚባለው የፀሀይ ጨረር ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ አለርጂ ስላልሆነ ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል አለችኝ። እባካችሁ ሎሚ ፊታችሁን አትቀቡ።

ከዛ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጨረሩ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ፍሪ ራዲካል ይፈጠራል፣ እሱ ኤሌክትሮን ስለጎደለው ካገኘው ነገር ላይ ይነጥቃል፣ ከሴሉ ሽፋን ስብ፣ ከፕሮቲን፣ ከዲኤንኤም፣ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችም አብረው ይነሳሉ፣ መጨማደዱ ከዚ ይመጣል። አንቲኦክሲዳንት የራሱን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ነጠቃውን ያስቆማል። እፅዋት እነዚህን ነገሮች የሚሰሩት ቀኑን ሙሉ ፀሀይ ላይ ቆመው ጥላ ፍለጋ መሄድ ስለማይችሉ ለራሳቸው መከላከያ ነው፣ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ግን ዩቪቢ የሚባለው ሌላው የፀሀይ ጨረር ፍሪ ራዲካል ሳያስፈልገው በቀጥታ ዲኤንኤውን ይመታል፣ እሱን አንቲኦክሲዳንት ብቻውን አያቆምልሽም፣ ጨረሩ ራሱ እንዳይገባ የሚያደርግ ሰንስክሪን ያስፈልጋል።

ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ቀጠን ያለ ፈሳሽ) ስመርጥ ያየሁት 15% ቫይታሚን ሲ (ኤል አስኮርቢክ አሲድ የሚለውን)፣ 1% ቫይታሚን ኢ እና 0.5% ፌሩሊክ አሲድ ያለውን ነው። ፌሩሊክ አሲድ የሩዝ፣ የስንዴ፣ የአጃ ሴል ግድግዳ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ በ2005 የወጣ ጥናት የአሳማ ቆዳ ላይ ሲሞክረው ሁለቱ ቫይታሚኖች ብቻቸውን የሚሰጡትን 4 እጥፍ ያህል መከላከያ ወደ 8 እጥፍ አሳደገው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ግን ብርሀን የሚገባበት መታጠቢያ ቤት አስቀምጬው ቡናማ ሆነ፣ ኦክሲዳይዝ አድርጓል ማለት ነው፣ ጣልኩት። አሁን ጥቁር ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ፍሪጅ ውስጥ። አሲድ ስለሆነ (የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ3.5 በታች ካልሆነ ቆዳ ውስጥ በደንብ አይገባም) ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ በአንድ ቀን ልዩነት ነው የለመድኩት።

ክኒንም ልጀምር ነበር፣ ቤታ ካሮቲን የሚባለውን ካሮት ውስጥ ያለ አንቲኦክሲዳንት፣ ለወንድሜም ላካፍለው አስቤ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሲጋራ ያጨሳል። ደግነቱ ቀድሜ አነበብኩ። በ1994 የወጣው የፊንላንድ ጥናት ከ29 ሺህ በላይ አጫሽ ወንዶችን ተከታትሎ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18% ጨምሮ አገኘው። አውስትራሊያ ናምቦር ላይ በ1992 ተጀምሮ ከ1,600 በላይ ሰው የተሳተፈበት ጥናትም አለ፣ ቤታ ካሮቲኑ የቆዳ ካንሰርን አልቀነሰም፣ ሰንስክሪን በየቀኑ የተቀቡት ላይ ግን ስኳመስ ሴል የሚባለው ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ወደ 40% ቀነሰ። ክኒኑን እዛው ተውኩት። ለኔ ሁሉንም ነገር ቦታ ቦታው ያስያዘልኝ ይሄ ጥናት ነው፣ የእፅዋቱ ነገር ከሰንስክሪኑ ስር የሚነጠፍ ሁለተኛ ሽፋን ነው እንጂ ምትኩ አይደለም።

አሁን ጠዋት ፊቴን ታጥቤ አደርቅና ሴረሙን፣ ትንሽ ቆይቼ በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ኤስፒኤፍ 50 ሰንስክሪን፣ ውጪ ከዋልኩ በየ2 ሰአቱ እደግማለሁ፣ ኮፍያም አለ። ማድያት ያለባችሁ ከለር ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበትን ፈልጉ፣ በዓይን የሚታየው ብርሀንም ማድያትን ያባብሰዋልና። የአረንጓዴ ሻይ ክሬም ማታ ማታ እቀባለሁ፣ ግን ብዙው ጥሩ ውጤት የመጣው ከላብራቶሪና ከአይጥ ስለሆነ ተአምር አልጠብቅበትም። ከ8 ወር በኋላ ማድያቴ ፈዘዝ ብሏል፣ ሽብሽቡ እዛው ነው።

ሌላው ደግሞ ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሀይ በማያገኘው ቦታ፣ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር ነው፣ እዛ ሴረም ምንም አያደርግም። ስለዚ በወር አንዴ አክስቴ ጋር ሄጄ ጫማችንን አውልቀን ውስጥ እግራችንን እናያለን፣ ጀርባዋን እኔ አይላታለሁ፣ የኔን እሷ፣ የተለወጠ ነጥብ ካለ በስልክ ፎቶ አንስተን ለሐኪሟ ይዘን እንሄዳለን።