"ሪሃሽ" የምትለዋን ቃል ይዤ ሰነበትኩ

እንዴት ናችሁ ጓደኞቼ፣ የእንግሊዝኛ ጥናቴ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ ስለምመላለስ ደብተር ዘርግቼ የማጠናበት ጊዜ የለኝም። ስለዚህ አንድ ቃል ይዤ ታክሲ ውስጥ እገባና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ እሱኑ በተለያየ አረፍተ ነገር ሳገላብጠው እሄዳለሁ። ብዙ ቃል ከመሸምደድ ለኔ ይሄ ነው የበጀኝ።

የሰሞኑ ቃሌ "ሪሃሽ" (rehash) ነው። "መድገም" ብላችሁ ከያዛችሁት ግማሹ ብቻ ነው የገባችሁ። ድሮ የተባለን ነገር ትንሽ ለዋወጥ አድርጎ፣ ምንም አዲስ ሐሳብ ሳይጨምሩበት እንደ አዲስ ማቅረብ ማለት ነው። ወቀሳ አለበት። የአንድን ሰው መጽሐፍ "ሪሃሽ ነው" ካላችሁ ሰውዬው አዲስ ነገር አላመጣም እያላችሁ ነው። መምህር ትምህርቱን ሲከልስላችሁ ግን እንዲህ አይባልም፣ ያስቀይማል። እዚያ ላይ "ሪፒት"፣ ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ከሆነ ደግሞ "ሪካፕ" በቂ ነው። ከ"ፕሌጀሪዝም"ም ይለያል፤ ያኛው የሌላን ሰው ሥራ የራስ አስመስሎ መውሰድ ነው፣ ሪሃሽ ግን የገዛ ራስን የድሮ ጽሑፍም ሊሆን ይችላል።

እኔ በጣም የወደድኩት አመጣጡን ነው። "ሃሽ" መነሻው መክተፍ የሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ነው። በእንግሊዝኛ ሃሽ የሚባል ምግብም አለ፣ ሥጋና ድንች ተከትፎ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም ከተረፈ ሥጋ። "ሪ" ሲጨመርበት እንግዲህ የተከተፈውን መልሶ መክተፍ ሆነ። የኛ ፍርፍር ትዝ አለኝ፣ ግን ፍርፍር እኮ በርበሬውም ቅቤውም አዲስ ይገባበታል! ሪሃሽ የሚባለው ጽሑፍ ይሄ ነው የሚጎድለው።

አነባበቡን ልብ በሉ። ግሥ ሲሆን ድምፁ "ሃሽ" ላይ ጠንከር ይላል፣ ስም ሲሆን "ሪ" ላይ። "ሪኮርድ" የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው፣ ስሙና ግሡ በድምፅ ይለያያሉ።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት "ኦልድ አርጊውመንትስ" (የድሮ ክርክሮች) ከሚለው ጋር ነው። እድር ላይ ባለፈው ወር ያለቀ ክርክር እንደገና ተነስቶ ሁሉም ያንኑ ሲል አስቡ፣ ልክ እሱ ነው። ኮምፒውተር የምትማሩ ደግሞ አትደናገሩ፤ ሃሽ ቴብል (መረጃ በቶሎ እንዲገኝ ተደልድሎ የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) ሲጨናነቅ ሰፋ አድርጎ መረጃውን እንደገና መደልደልም "ሪሃሺንግ" ይባላል፣ እሱ ግን የሙያ ቃል ስለሆነ ወቀሳ የለበትም።

ቀጥዬ "ክሊሼ"ን (ከመደጋገም ብዛት የሰለቸ አባባል) ልይዝ ነው፣ ይሄም ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ ከማተሚያ ቤት የወጣ ቃል ነው። እስከዚያ "ሪሃሽ"ን አንዴ በግሥ፣ አንዴ በስም አስገብታችሁ አረፍተ ነገር ሥሩና ላኩልኝ፣ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ።