ሹገርሎፍ፦ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው ያስቸገረኝ

ትናንት ግሬት ሹገርሎፍን ለስድስተኛ ጊዜ ወጣሁት፣ ደስ ያለኝ ግን መውጣቴ አይደለም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ መሬት ሳይነካ መውረዴ ነው። ለማታውቁት፣ አየርላንድ ውስጥ፣ ከደብሊን በስተደቡብ ዊክሎው የሚባል አካባቢ ያለ ሾጣጣ ተራራ ነው፣ 501 ሜትር። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ይሄማ ምን አላት ብዬ መጀመሪያ በስኒከር ነው የሄድኩት።

አወጣጡ ብዙ አያስወራም። ከካላሪ በኩል ካለው ፓርኪንግ ተነስቶ መንገዱ ሰፊ ነው፣ በጎች ይግጣሉ፣ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃም ቁጥቋጦ አለ፣ መጨረሻዋ ላይ ብቻ ድንጋዩን በእጅ እየያዙ መውጣት ነው።

መውረዱ ነው ጉዱ። ሰው ቅርፁን አይቶ የድሮ እሳተ ገሞራ ነው ይላል፣ አይደለም፣ ኳርትዛይት የሚባል ድንጋይ ነው፣ ጠንካራ ነው ግን ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን ይፈነቅለውና ስለታም ኮረት ይሆናል፣ ያ ኮረት ነው ከአናቱ ስር ባለው ቁልቁለት ላይ የተበተነው፣ ስትረግጡት ከእግራችሁ ስር ይሸሻል። በሦስተኛው ጊዜ ወድቄ ቀኝ እጄን አመመኝና ሁለት ሳምንት ጀበና በግራ ነበር የማነሳው።

ጥፋቴ ምን መሰላችሁ፣ ስፈራ ወደኋላ ነበር የምለጠጠው፣ ያኔ ክብደቴ ሁሉ ተረከዜ ላይ ያርፍና ወዲያው መንሸራተት ነው። አሁን ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ እርምጃዬን አሳጥሬ፣ ኮረቱን ትቼ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ትልቅ ድንጋይ እየመረጥኩ ነው የምረግጠው። ዎኪንግ ፖሌን፣ ማለት የመራመጃ ዱላዬን፣ ደሞ ስወርድ አስረዝመዋለሁ፣ ከፊቴ እተክለውና ከዛ እግሬን። ሁለት ፖል ያዙ የሚሉ አሉ፣ እኔ በጭራሽ አልስማማም፣ እዛ አናቱ ጋ ድንጋይ መያዣ አንድ እጅ ነፃ መሆን አለበት። ጫማ ላይ ግን አትሰስቱ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን።

ይሄን ሁሉ እያወራሁ እርጥብ ሲሆን አሁንም እፈራለሁ። ባለፈው ወር ነፋሱ አላስቆም ሲለኝ አናቱ ስር ደርሼ ተመለስኩ፣ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ደርሻለሁ አልኳቸው፣ እስካሁን ይከነክነኛል። ሰማዩ ሲጠራ ከላይ ሆኖ ባህሩን ተሻግሮ የዌልስ ተራሮች ይታያሉ፣ እኔ ስድስቱንም ጊዜ ደመና ነው ያገኘሁት። በዝናብ ማግስት የወረዳችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ፣ ቅዳሜ ልመለስ ነው።