«ጭንቅላቱን ተመቶ ነበር» ሲባል፦ ለፍርድ ቤት በሚደረግ ምርመራ የኒውሮሳይኮሎጂ (የአንጎልና የጠባይ ግንኙነት ጥናት) መሠረት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ከችሎት ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ የሚላከው ትዕዛዝ «የተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ተመርምሮ ይገለጽ» ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ይህን መስመር ይዞ በቀጥታ ፈተና መደርደር አይገባም። ጥያቄው የትኛው ነው? ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት የነበረው አቅም? ዛሬ ክሱን ተረድቶ የመከራከር አቅሙ? ወይስ የአደጋ ካሣ? ሦስቱ የሚጠይቁት ማስረጃ የተለያየ ስለሆነ የትኛው እንደተፈለገ ከችሎቱ በጽሑፍ ማጣራት ያስፈልጋል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የሚመለከተው ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ ነው፤ ሰውየው ያኔ የሚያደርገውን ምንነትና ውጤት መረዳት፣ ከተረዳም በዚያው መሠረት ራሱን መግዛት ይችል ነበር ወይ ይላል። አንቀጽ 49 በከፊል ለተጓደለ አቅም ነው። አንቀጽ 51 የእኛን፣ የመርማሪ ባለሙያዎቹን፣ ሥራ ይመለከታል፦ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ መታወክ ምልክት ሲታይ፣ ወይም ሰውየው በመጠጥና በዕፅ ለረጅም ጊዜ የተመረዘ ሲሆን ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት መቀበል አለበት። ዳኛውን የሚያስረው ግን የተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከግኝቱ ተነሥቶ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም አያስረውም። ስለዚህ «ኃላፊነት የለበትም» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ የዳኛውን ሥራ ሠርቶ የራሱን ትቷል።

እንግዲህ «ተመቶ ነበር» ምን ያህል ነው? ከሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ በባጃጅ የወደቀም፣ በዱላ የተፈነከተም፣ በቤተሰቡ አፍ ያው «ጭንቅላቱን ተመቷል» ነው። መጀመሪያ የድንገተኛ ክፍሉን ካርድ ጠይቁ። በግላስጎው ኮማ ስኬል (የተጎዳው ሰው ምን ያህል ራሱን እንደሚያውቅ በሚለካው ነጥብ) ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ ከ3 እስከ 8 ከባድ ጉዳት ይባላል። ካርዱ «ራሱን ስቶ የመጣ» ብቻ ካለ፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማው ሲደርስ ጠፍቶ ከሆነ፣ ያለው አማራጭ የትዝታ ክፍተቱን መለካት ነው። «ከአደጋው በፊት የምታስታውሰው የመጨረሻ ነገር ምንድን ነው? ከዚያ በኋላ ሳይቆራረጥ ማስታወስ የጀመርከው ከየት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ መልስ «አንተው ታስታውሰዋለህ ወይስ ነግረውህ ነው?» የሚል መከተል አለበት፤ ካልተከተለ የጎረቤት ወሬ እንደ ትዝታ ይመዘገባል። ክፍተቱ ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ ቀላል፣ ከአንድ እስከ ሰባት ቀን መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። አንድ ጊዜ የደረሰ ቀላል ጉዳት በአብዛኛው በሳምንታት፣ ቢበዛ በሦስት ወር ውስጥ ይሻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ እየባሰ የሄደ የመርሳት ስሞታ ከመጣ እንቅልፍን፣ ሕመምን፣ ድብርትን፣ ከጦርነቱ የቀረ ድንጋጤን ሳይመረምሩ ሁሉንም በአንጎል ማላከክ ስህተት ነው።

ከአንጎል ክፍሎች ለዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከዓይን ጉድጓድ በላይ ያለው የግንባር ክፍል ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ ይህ ሥፍራ ሸካራ አጥንት ላይ ስለሚፈገፈግ በቀላሉ ይጎዳል። የተጎዳው ሰው ቁጥር ይደግማል፣ ያነባል፣ ጥሩና መጥፎውን ለይቶ ይናገራል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ራሱን መግታት ያቅተዋል። ቢሮ ውስጥ በጸጥታ የሚሰጥ ፈተና ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው አብሮት የኖረ ሰው ነው። የእድሩን ጸሐፊ ጠይቁ፤ ገንዘብ ያዥ ከነበረና ከአደጋው በኋላ ሒሳቡ ከተምታታ ያ ትልቅ መረጃ ነው። ፋብሪካ ይሠራ ከነበረ የቀሪ መዝገቡና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ከነቀናቸው ይፈለጉ፤ ለውጡ ከአደጋው በፊት ተጀምሮ ከሆነ የአደጋው ውጤት አይደለም።

የሚጥል በሽታ በየመዝገቡ የሚነሣ መከራከሪያ ነው። አንድ የሚጥል ግርሻ (በሽታው አንድ ጊዜ ሲነሣ) በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መደናገር ረዘም ሊል ይችላል። በዚያ ሰዓት የሚታይ ግፊያና መወራጨት ዓላማ የሌለው ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ሰው ሊይዘው ሲሞክር ነው። ቢላ ፈልጎ፣ መንገድ ጠብቆ፣ ወግቶ የሸሸ ሰው ታሪክ ከዚህ ጋር አይገጥምም። በሽታው መኖሩ ግን በራሱ ሊጠቀስ ይገባል፤ ሕጉ ራሱ ጠቅሶታልና።

ደሴ ብርድ ናት፤ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት መተኛት የተለመደ አደጋ ነው። ከከሰል ጭስ ተርፎ «ደኅና ነው» ተብሎ የወጣ ሰው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊለወጥ ይችላል፤ ይፈዛል፣ ይረሳል፣ ጠባዩ ይቀየራል። በታሪክ መቀበያ ላይ «ከሰል ታፍነህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ የግድ ይግባ። በተቃራኒው ጓያ እግሩን የያዘው ሰው ሲራመድ ስለታየ ብቻ አእምሮውም ተጎድቷል ማለት አይቻልም፤ በሽታው በዋናነት የሚይዘው እግርን ነው።

ፈተናው ላይ ስንመጣ ብዙ ሪፖርት የሚበላሽበት ቦታ ይኸው ነው። የሰዓት ሥዕልን እንውሰድ። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር አድርጉ» ስትሉ አጭሩን እጅ አምስት ላይ የሚያደርግ ሰው ሰዓቱን እንደ አገሩ አንብቦታል፤ ስህተት ብሎ መቀነስ ግፍ ነው። የቃል መጥራት ፈተና ላይ «በ በሚል ፊደል» ሲባል ቡና፣ ቤት፣ ብር ይቆጠራሉ ወይ? ከበ እስከ ቦ ያለው ቤት በሙሉ እንደሚቆጠር አስቀድሞ ተወስኖ ለተመርማሪው ይነገር፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወይም ሰ እና ሠን በድምፅ መለየት እንደማይቻልም ይታወስ። ቁርአን ቤት ብቻ የተማሩ ሰው የዓረብ ፊደል አንባቢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ያልተማረ» ተብለው ሲመዘገቡ መነሻው ሁሉ ይሳሳታል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው በ60 ሴኮንድ ውስጥ እንስሳትን ማስጠራት ይሻላል። በእንግሊዝኛ የተሠራውን ባለ 60 ሥዕል የስም መጥሪያ ፈተና አምጥቶ ኢግሉ እና አስፓራገስን መጠየቅ ግን የሚለካው ባዕድነትን ነው።

ቁጥር መድገምም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ባሉት ውስጥ ሁለት ክፍለ ቃል ያለው ሰባት ብቻ ነው፤ በአማርኛ ከአንድና ከሦስት በቀር ሁሉም ሁለት ናቸው። ቃሉ ሲረዝም በአእምሮ የሚያዘው ብዛት ያንሳል። ወደፊትና ወደኋላ የተደገመውን ረጅሙን ቁጥር ደምሮ «7ና ከዚያ በታች ከሆነ እያስመሰለ ነው» የሚለው የውጭ መቁረጫ ነጥብ እንዳለ ቢወሰድ እውነተኛውን ሰው አስመሳይ ያደርጋል።

ማስመሰልን የሚፈትሽ መሣሪያ ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት፣ በሌሎቹ ፈተናዎች መሐል መሐልም ይግባ። ከሁለት አንዱን በማስመረጥ የሚሠራ 50 ጥያቄ ያለው ፈተና ላይ በግምት ብቻ 25 ያህል ይገኛል። 18 ወይም ከዚያ በታች ማግኘት በአጋጣሚ የሚሆነው ከመቶ ወደ ሦስት ገደማ ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን ለይቶ ሆን ብሎ ስለመተዉ ጠንካራ ምልክት ነው። ከ25 በላይ ሆኖ ለፈተናው ከተቀመጠው መቁረጫ ነጥብ በታች ያለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የእርሳስ ሥዕል አይቶ የማያውቅ፣ የመርሳት በሽታ የያዘው ወይም ከልጅነቱ የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ሰውም እዚያ ይወድቃል። አጋንኖ ያሳየ ሰውም እውነተኛ ጉዳት ሊኖርበት ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ካቴናው ይፈታ፤ በታሰረ እጅ የተሠራ የእጅ ፍጥነት ፈተና ዋጋ የለውም። ትናንት ተኝቷል? በልቷል? ጾም ላይ ነው? ይቅም የነበረና ከታሰረ ሦስት ቀን የሆነው ከሆነ ሐራራው ፍጥነቱን ይጎትተዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ያዘገያል፣ ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ጋር የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ትዝታን ያደክማል፤ መጠኑና የተወሰደበት ሰዓት ይጻፍ። ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ ወይም አፋርኛ አፉን የፈታ ሰው ሲሆን አስተርጓሚው ፖሊስም ዘመድም አይሁን። ለትልቅ ሰው ደግሞ በግልጽ፦ «አባባ፣ እኔ ሐኪምዎ አይደለሁም፤ ፍርድ ቤት ነው የላከኝ። የሚነግሩኝ ሪፖርቱ ላይ ሊገባ ይችላል» ይባል፤ ምን እንደገባቸውም በራሳቸው አፍ ይድገሙት።

ሲጻፍ አንድ ዝቅ ያለ ነጥብ አንሥቶ ድምዳሜ መገንባት አያዋጣም። እያንዳንዱ ፈተና ላይ ከጤነኛው 16 ከመቶው ከአማካዩ በአንድ መደበኛ ልዩነት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ነጥቦች ከአማካዩ የሚራራቁበት መለኪያ) በታች ይወድቃል፤ ሃያ ነጥብ ካለ ጤነኛ ሰው በአማካይ ሦስት ያህል ዝቅ ያለ ይኖረዋል። አሳማኝ የሚሆነው ነጥቡ፣ የጉዳቱ ክብደትና የቤተሰቡ ቃል ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነው። ከድርጊቱ ቀን እስከ ምርመራው ቀን ያለው ጊዜም በቁጥር ይቀመጥ፤ ከስምንት ወር በኋላ የተለካ ትኩረት ስለዚያ ሌሊት በቀጥታ አይናገርም።

አንቀጽ 51 ስለ ሕክምናና ስለ ጥንቃቄ እርምጃም ምክር ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ተከሳሽ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ከሆነ ወደ ማረሚያ ቤት ሲዛወር መድኃኒቱ በድንገት መቋረጥ እንደሌለበት፣ ቢቋረጥ ተከታታይ ግርሻ ሊያመጣና ሕይወቱን ሊያሳጣው እንደሚችል፣ ከነመጠኑና ከክትትል ቀጠሮው ጋር በሪፖርቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፍ።